ገመድ የተሰቀለበት ወንበር

ወንበሩ የመጣው የዛሬ ወር ገደማ ነው፤ ከባይሽ ከተማ፣ በሃይሉክስ ጀርባ ተጭኖ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ብርድ ልብሱ ሳይነሳ አውቄዋለሁ። ሽማግሌው ይቀባጥራል ትሉ ይሆናል፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከፈይና ቨርኒሽ ሲያሸት የኖረ ሰው አፍንጫው ከዓይኑ ይቀድማል። ያረጀ ከፈይ አቧራና የሰው ላብ ነው የሚሸተው። ይሄኛው ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረው፤ የአጥንት ሙጫ። በጣሳ ተጥዶ ሲፈላ ቤት የሚያስለቅቅ፣ ዛሬ ማንም ዘወር ብሎ የማያየው ሙጫ። በዚህ በሳዑዲ፣ በጂዛን ምድር በዚያ ሙጫ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ ይማም። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ስፖንጅ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ያመጣው ሰው ሙቀቱ መስሎት ውሃ አቀረበልኝ። ሙቀቱ አልነበረም።

እንድሪስ እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሙያዬ ሶፋ ማልበስ ነው፣ ወደ ሰባው እየተጠጋሁ ነው። ከሰው ጋር ብዙ አልገጥምም። ድሮም አልገጥምም ነበር፤ ያኔ ግን ወጣት ስለነበርኩ ሰዉ ፀባዬን ቁጥብነት ይለው ነበር።

ያኔ የምላችሁ ወርሻችን፣ የእንጨት ሥራ ቤታችን፣ ወደ አቡ አሪሽ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ በሩ ሁለት መኪና የሚያስገባ ሆኖ ሳለ ነው። ፊት ለፊታችን አንድ የመናዊ ቡፊያ ነበረው፤ ጉበት በዳቦ በአንድ ሪያል፣ ሻይ በግማሽ። አሁን በዚያ ቦታ ላይ የስልክ ሱቅ ነው ያለው። ሥራ ላይ ፉጣ አገልድመን ነበር የምንውለው፤ ጁምዓ ሲሆን ደግሞ እግሩ ሰፊ የሆነ ሱሪ፣ ኮሌታው ጆሮ የሚነካ ሸሚዝ ለብሰን ባሕር ዳር እንዞራለን፤ ለማን እንደምናምር አላውቅም። ጠዋት ጠዋት የመንዙማ ካሴት ይከፈታል፤ ከቀትር በኋላ በባቲ ቅኝት የተዘፈነ የወሎ ዘፈን። ግብጻዊው ኡስታችን፣ ማለት የወርሻው አለቃ፣ የኛ ካሴት ሲያልቅ የሱን ይከታል። የአቧራው ወር ሲመጣ ቨርኒሽ መቀባት አይታሰብም፤ ነፋሱ ከበረሃው አሸዋ ተሸክሞ ይመጣና እርጥብ እንጨት ላይ ያራግፈዋል። እርጥብ ብርድ ልብስ በሩ ላይ እንሰቅል፣ ወለሉን ውሃ እናርከፈክፍ ነበር። ያን እርጥብ አፈር ሽታ አሁንም እወደዋለሁ፤ ከዚያ ዘመን ያለ ጸጸት የምወደው እሱን ብቻ ነው።

የዚያ ቤት ቁርዓን፣ አስተግፊሩላህ፣ ልል የነበረው የዚያ ቤት መመሪያ አንድ መጽሐፍ ነበር። ከፊላችን፣ ማለት አሠሪያችን፣ አቡ ሐሰን ከጅዳ ያመጣው፣ ትልቅ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፎቶ መጽሐፍ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሀብታም በቤቱ ውስጥ ምን ይደረድር እንደነበር ያሳያል። መጀመሪያው ላይ ኢምፓየር የሚሉት አለ፤ ቀጥ ያለ፣ ኮስታራ፣ ጥቁር ቀይ እንጨት ላይ ነሐስ የተለጠፈበት፣ እግሩ የአንበሳ መዳፍ። ቀጥሎ የኦስትሪያና የጀርመን ሰዎች ቢደርማየር የሚሉት፤ ቢጫ እንጨት፣ ጌጥ የሌለው፣ ልከኛ። እኔ እሱን ነበር የምወደው፤ አንድ ሰው እንኳ አላዘዘውም። ከዚያ ወዲያ ግን ገጹ በተገለጠ ቁጥር ቤቱ እየጠበበ ይሄዳል። ወይን፣ ጽጌረዳ፣ ቅጠል ያልተቀረጸበት እንጨት የለም። የወንበሩ መደገፊያ በቁልፍ ተወጋግቶ አብጧል፤ መጋረጃው በመጋረጃ ላይ፣ ምንጣፉ በምንጣፍ ላይ፣ ግድግዳው ሳይቀር አበባ ያለበት ወረቀት ለብሷል። ያ ትውልድ ባዶ ቦታ ያስፈራው ነበር ብዬ አምናለሁ። አንድ ሶፋ ደግሞ ነበር፣ የተጠማዘዘ፣ ሁለት ሰው አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ዞሮ የሚቀመጥበት። አቡ ሐሰን «ይሄ ለተኳረፉ ባልና ሚስት ነው» ብሎ ገጹን ያልፈው ነበር።

የጂዛን ሰው ደግሞ በዚያ ሰሞን ከአባቶቹ የወረሰውን ቁዓዳ፣ ያን ረጅም እግር ያለው በገመድ የተጠመደ መቀመጫ አልጋ፣ ወደ ጓሮ እየጣለ ነበር። አዲስ የሲሚንቶ ቤት ይሠራል፣ ወደ ወርሻችን ይመጣል፣ ጣቱን በመጽሐፉ ላይ ያሳርፍና «ይሄን» ይላል። እኛ ወሎዬዎቹ ከሁለት ሰው ዕድሜ በፊት የሞተ የፈረንጅ ሳሎን እንሠራለታለን።

ይማም የሐይቅ ልጅ ነው። መሮ ሲይዝ ብታዩት። ፊደል የሚባል አያውቅም፣ ስሙን ሲፈርም በአውራ ጣቱ ነው፤ ፎቶ አሳዩት እንጂ የማይቀርጸው ነገር አልነበረም። የእንስሳ ፊት ቤቱ ውስጥ የማይፈልግ ሰው ሲያዝዝ አንበሳውን ያወጣና በቦታው ፉል ይተክልበታል፤ የጂዛን ሴቶች ጸጉራቸው ላይ የሚያደርጓትን ያቺን ነጭ አበባ። ሰዉ በዚህ ያብድለት ነበር። በአንድ ክፍል እንተኛለን፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ እሱ ይቀርጻል እኔ አለብሳለሁ። «እንድሬ፣ ያንተ ልብስ ባይኖር የኔ እንጨት ራቁቱን ነው» ይለኝ ነበር። ከልቡ ነው የሚለው። እኔ ግን ደንበኛው ሁሉ መጀመሪያ እንጨቱን እየደባበሰ የሰፋሁትን ከፈይ ቂጡን ሊያሳርፍበት ብቻ እንደሚያየው ልብ እል ነበር። ቅናት አንጀቴን በልቶት ነበር፤ ዛሬ ምን እሸፍናለሁ።

ግብጻዊው አገሩ ሊገባ ሲል አቡ ሐሰን ጠራንና ነገሩን አስታወቀን። ከሁለታችን አንዱ ኡስታ ይሆናል። ኡስታ ለሆነው ደግሞ ሙያው በመኖሪያ ፈቃዱ፣ በኢቃማው ላይ ይቀየርለታል፣ ቤተሰቡን ማምጣት ይፈቀድለታል። የይማም ፊት እንዴት እንደበራ አይረሳኝም። ሚስቱን ዘይነባን በነፍሰ ጡርነቷ ነው ትቷት የመጣው፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቷት ዓይኗን አላየም። እኔ ሚስትም ልጅም አልነበረኝም። የምፈልገው ስሙን ነበር፣ ኡስታ እንድሪስ መባልን። እሱ ሚስትና ልጅ ይፈልጋል፣ እኔ ስም እፈልጋለሁ፤ አመዛዝኜ አይደለም የገባሁበት።

በዚያው ሰሞን ከባይሽ ሸይኽ ዓሊ የሚባል ባለ እርሻ መጣ። ለእንግዳ መቀበያው አሥራ ሁለት ወንበር ፈለገ። ጣቱን ያሳረፈው ቪክቶሪያ የሚሉት ገጽ ላይ ነው፤ ጥቁር እንጨት፣ ወይን የተቀረጸበት፣ ደም የመሰለ ቀይ ከፈይ። ከአንዱ እጅ መደገፊያ ወደ ሌላው ደግሞ ወርቅማ ገመድ ተወጥሯል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ዘርፍ አለው። ሸይኹ «ልክ እንደዚህ፣ አንድ ነገር ሳትቀንሱ» ብሎ ሄደ።

ይማም መጽሐፉን ይዞ መጣ።

«እንድሬ፣ እስቲ ከሥር የተጻፈችውን አንብብልኝ። ይች ገመድ ለምንድናት?»

በወርሻው የፈረንጅ ፊደል የማነብ እኔ ብቻ ነኝ፤ ደሴ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ። አነበብኩት። ወንበሩ ያለው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ገመዱ የታሰረው ጎብኚ እንዳይቀመጥበት ነው፤ ይላል። ጥርት ባለ ቋንቋ።

«የቤቱ ጌታ የክብር ምልክት ነው ይላል» አልኩት።

«ወላሂ ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ፈረንጁም እንደኛ ገመድ ይወዳል ማለት ነው። ያለ ጠፍር አልጋ፣ ያለ ገመድ ቁዓዳ የት አለ? ታዲያ እንጨቱ ዘመናዊ ሆነና ገመዱን ለክብር አስቀሩት።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እሱ ማክሰኞ ገበያ ሳብያ ወርዶ የወርቅ ክር ገዝቶ መጣ፤ እንደ አገር ቤት ገመድ ክሩን በእግሩ ጣት ይዞ አሥራ ሁለቱንም በእጁ ገመደ። በየወንበሩ ክንድ ላይ የነሐስ ቀለበት ቀበረ፣ ገመዱ በሜንጦ ተነስቶ እንዲሰቀል አደረገ። እኔ አጠገቡ ቁልፍ እየወጋሁ የሚመጣበትን ውርደት አስብ ነበር።

ያስረከብን ቀን ሸይኽ ዓሊ ሰውን ሁሉ ጠርቶ ነበር። አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፣ ገመዳቸው ተሰቅሏል፤ እንግዶቹ መሃል ላይ ቆመው ይተያያሉ። የሚቀመጥ የለም። ደረሰ፣ አልኩ በሆዴ።

«ይሄ ገመድ ምንድነው?» አለ ሸይኹ።

ይማም በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛው «ያ ሸይኽ፣ የቤቱ ጌታ ክብር ነው» አለው። «እሱ ካላነሳው ማንም አይቀመጥም።»

ሸይኹ ገመዱን በጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ ከእንግዶቹ ሁሉ ሸምገል ወዳለው ሄደ፣ እጁን ይዞ ወደ መጀመሪያው ወንበር ወሰደው፣ ጎንበስ ብሎ ሜንጦውን ፈታ። «ተፈደል፣ ተቀመጥ» አለው። ሽማግሌው ሲቀመጥ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሸይኹ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ እንዲህ እየፈታ አስቀመጠ፤ ቤቱ በምርቃት ሞላ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ክው ብዬ ቀረሁ።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል። ባይሽ ገመድ፣ ሳብያ ገመድ። ገመዱን ሳያነሳ እንግዳ ያስቀመጠ ሰው ስድ ተባለ። ይማም ኡስታ ሆነ። ለዘይነባ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ላከላት፣ እኔ አጠገቡ ጋደም ብዬ እየሰማሁ፤ «ፓስፖርት አውጪ፣ ለልጅቱ ጫማ እዚህ እገዛለሁ» ሲላት። ጫማውን ገዝቶም ነበር፤ ቀይ፣ ትንሽ ዘለበት ያለው። አልጋው ራስጌ ከነካርቶኑ ይቀመጥ ነበር።

የቤተሰቡ ወረቀት ሊያልቅ ሲል አንድ ጁምዓ የላላ ሞላ ላጠብቅ ባይሽ ሄድኩ። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ነው የሄድኩት። የሸይኹ ቤት በእንግዳ ተሞልቷል፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አስተማሪም ነበረበት። «ያ ሸይኽ፣ ለክብርህ ብዬ ነው፣ ልደብቅህ አልችልም» ብዬ ገጹን አስተማሪው ጉልበት ላይ ዘረጋሁት። አስተማሪው አነበበ። ሳቅ ያዘው። ለሌሎቹም ተረጎመላቸውና እነሱም ሳቁ፣ ተቀምጠውበት እያሉ። ሸይኽ ዓሊ አልሳቀም። ሬሳ ቤት ያስገቡት ይመስል ዙሪያውን ያይ ነበር።

በማግስቱ አቡ ሐሰን ሁለታችንንም ፊቱ አቆመን። ወሬው ጂዛን ገብቶ መሳቂያ ሆኖ ነበር።

«ማነው የክብር ምልክት ነው ያለህ?» አለው ይማምን።

«እንድሪስ ነው ያነበበልኝ» አለ ይማም። ወደኔም እንደ መክሰስ አላየኝም፤ አስታውስ እንጂ በሚል ዓይን ነበር ያየኝ።

«ወላሂ አልጠየቀኝም» አልኩ።

የአላህን ስም ጠርቼ ነው። አቡ ሐሰን እኔን አመነ። ትናንት እውነቱን ያወጣ ሰው ያን ጊዜ ለምን ይዋሻል፣ እንዲያ ነው ያሰበው። ለይማም በሳምንቱ ኹሩጅ ተመታለት፤ መመለስ የሌለው መውጫ። ሊሄድ ሲል መሮዎቹን ጠቅልሎ፣ የጫማውን ካርቶን ይዞ አጠገቤ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር።

«ለዘይነባ ምን ልበላት?» አለኝ።

ሞላ እያሰርኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

ኡስታ እንድሪስ ሆንኩ። የቤተሰብ ወረቀትም ተፈቀደልኝ፤ የማመጣው ሰው አልነበረኝም። የገመዱ ነገር ቀረ፣ ሰዉም ወደ ስፖንጅና ወደ ቱርክ ሶፋ ዞረ።

ይማምን አንዴ አይቼዋለሁ። ዓመታት አልፈው ወደ አል-ኹባ፣ ወደ ድንበሩ መንደሮች፣ ቁም ሳጥን ሳደርስ። መንገድ ዳር ፍየል የሚያግድ ሰው ወደ መኪናው መጣ፤ ሻርፑን ከፊቱ ሲያወርድ እሱ ነው። በየመን በኩል በእግሩ ነው የተመለሰው። እጁ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስለ ወረቀት አልጠየቀኝም፣ ስለ ሥራም አልጠየቀኝም። መኪናው መስኮት ላይ ተደግፎ «ወንበሮቼ ደህና ናቸው?» አለኝ።

ደህና ነበሩ። ሸይኽ ዓሊ እንዳልጣላቸው አውቃለሁ፤ በሩቁም ቢሆን እሰማ ነበር።

«ለማገዶ ዋሉ» አልኩት።

ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምንም አላጎደለብኝም፣ ምንም አልጨመረልኝም። ራሱን ነቀነቀ፣ «ደረቅ እንጨት ነበር፤ ደህና ይነዳል» አለና ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ያየው ሰውም አላገኘሁም።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። ከባይሽ ያመጣው የሸይኽ ዓሊ ልጅ ነው፤ እሱም ጢሙ ሸብቷል። አባቱ ሞቷል። አሮጌውን ቤት የቅርስ ቤት አድርጎ ሰው ሊያስጎበኝበት ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ የተረፈው ይሄ አንዱ ነው።

«ያኔ ሰው ሳቀ አይደል?» አልኩት፣ ሳላስበው።

«አንድ ሳምንት ሳቁ» አለኝ። «አባቴ ግን ‹ልማድ ሆኗል፣ አበቃ› ብሎ አልተወውም። እስኪሞት ድረስ ለእንግዳ ገመዱን የሚፈታው በእጁ ነበር።»

ይማም የተባረረው ለአንድ ሳምንት ሳቅ ነው።

ልጁ ቀጠለ። «በወንበሩ ላይ ካርድ እናደርጋለን፣ የሠራውን ሰው ስም እንጽፋለን። ያኔ ኡስታው አንተ ነበርክ አይደል፣ አጎቴ?»

አፌን ለመክፈት ጊዜ ነበረኝ። ሌላ ደንበኛ አልነበረም፣ ሬዲዮ አልተከፈተም፣ የሚያስቸኩለኝ አልነበረም።

«አዎ» አልኩት።

ከፈዩን ቀየርኩ፣ ሞላውን አጠበቅኩ። እንጨቱን አልነካሁትም፤ አንድም የላላ ነገር አልነበረውም። የወርቅ ገመዱ ጠቁሮ ስለነበር አዲስ በማሽን የተገመደ ከጅዳ አስመጣሁ።

የቅርስ ቤቱ በተከፈተ በሳምንቱ ወርሻ ውስጥ የሚሠራውን ሹፌር ይዤ ባይሽ ሄድኩ። ክፍሉ ባዶ ነው፣ ወንበሩ ብቻውን መሃል ላይ ቆሟል፣ ገመዱ ተሰቅሏል፣ ካርዱ በዓረብኛ ተጽፎ አጠገቡ ተተክሏል። ልቀመጥበት ብዬ እጄን ወደ ሜንጦው ሰደድኩ።

«አባባ፣ አይቻልም» አለኝ አንድ ድምፅ በአማርኛ። «ገመዷን አላዩዋትም? እንዳይቀመጡ እኮ ነው የታሰረችው።»

ጥበቃው ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ የወረኢሉ ሰው፣ ሰይድ ይባላል። የራሱን የፕላስቲክ ወንበር አመጣልኝ፤ ውሃም ሰጠኝ። የሸይኹ ልጅ ከበግ ጥበቃ አንስቶ እዚህ እንዳስገባው አጫወተኝ።

«ያንብቡልኝ እስቲ ካርዷን» አለኝ። «እኔ ፊደል የለኝም። ጎብኚ ማነው የሠራው ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ ይያዛል። ያስገባኝ ሰውዬ ደግሞ በሥራ ቀልድ አያውቅም፤ እዚህ የተሳሳተ ነገር ካወራሁ ወደ በጎቹ ነው የሚመልሰኝ።»

ካርዱን አየሁት። ኡስታ እንድሪስ ይላል። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይማም ይላል» አልኩት። «ይማም፣ የሐይቅ ሰው፣ ወሎ። ከእግር እስከ ራሱ፣ ገመዱንም ጭምር በእጁ የሠራው እሱ ነው ይላል።»

«ያገራችን ሰው ነዋ» አለ። ፊቱ ፈካ። ስሙን እንዳይረሳው ሦስቴ ደጋገመው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። «አላህ ዕድሜ ይስጥዎ። ከዛሬ ጀምሮ ለመጣው ሁሉ እናገራለሁ።»

ስወጣ ደረቴ ቀሎኝ ነበር። በሕይወቴ አንዴ የይማምን ስም ለሰው ተናገርኩ ብዬ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ። ሳብያ ልንደርስ ስንል ነው ነገሩ የገባኝ። እዚያ ቤት የሚመጣ ጎብኚ ሁሉ ዓረብኛ ያነባል። ካርዱ እንድሪስ ይላል፣ ሰይድ ይማም ይላል፤ የሸይኹ ልጅም ማነው እንዲህ ያለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ሰይድ ደግሞ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም፤ አንድ ሽማግሌ አነበበልኝ ከማለት በቀር የሚለው የለውም።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «አባ እንድሪስ፣ የረሱት ነገር አለ? ልመለስ?»

«የለም» አልኩት። «ንዳ።»